ሃይብሪድ ፒክአፕ እየነዱ የካምፒንግ ባትሪን መሙላት፦ ከካሶኒው ሶኬት እስከ ዲሲ ቻርጀሩ ሽቦ

ድንኳን ይዞም ይሁን ተጎታች ቤት እየጎተተ የሚወጣ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። ፍሪጁን ያቆየው ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ የሰፈረበት ቦታ ላይ ደግሞ የሚሰካበት መብራት የለም። ቨርጂኒያ ያለውን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ውሰዱ፦ የካምፕ ቦታዎቹ የመብራት መስመር የላቸውም፣ ጄኔሬተር የሚፈቀደውም በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ፓርኩ ውስጥ ያለው ካምፕ፣ ቢግ ሜዶውስ ለመድረስ ግን ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት አለ። መኪናው ሃይብሪድ ፒክአፕ ከሆነ ያ ሁለት ሰዓት አንድ መካከለኛ ባትሪን ከሞላ ጎደል ባዶ ከሆነበት ሊሞላው ይችላል።

ይችላል ያልኩት ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተሳሳተ ጫፍ ስለሆነ ነው። ለድሮ ቤንዚን ፒክአፕ የተጻፈ ምክር አንብቦ ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝና ቻርጀር ይገዛል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲታገል ይውላል። ካሶኒው ግድግዳ ላይ ያለውን 120 ቮልት ሶኬት ግን ዞር ብሎም አላየውም። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ሽቦው የግድ ሲሆን ብቻ።

ሃይብሪዱ በምን ይለያል

በተለመደው መኪና ዲናሞው በቀበቶ ከሞተሩ ጋር ይዞርና 12 ቮልቱን ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ ሲቆም ዲናሞውም ይቆማል። ፎርድ ማቬሪክ ሃይብሪድና ፎርድ ኤፍ-150 ፓወርቡስት ላይ ግን የምናውቀው ዲናሞ የለም። ሞተሩና ፍሬኑ የሚሞሉት በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠራውን ትልቁን ባትሪ ነው። ከእሱ የሚመጣውን ኃይል መቀየሪያዎች ወደ 12 ቮልትና ወደ 120 ቮልት እየለወጡ ያወጣሉ፤ 120 ቮልቱን የሚያወጣው ኢንቨርተር ይባላል። ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ፀጥ ቢልም ባትሪያችሁ መሙላቱን አያቋርጥም። የፓርኩ መንገድ በሆነው ስካይላይን ድራይቭ ላይ በተፈቀደው በሰዓት 35 ማይል ፍጥነት ስታዘግሙም የሚቀንስ ነገር የለም።

ትልቁ ባትሪ ስሙ ትልቅ ሆነ እንጂ የሚይዘው ጥቂት ነው። ፓወርቡስቱ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማቬሪኩ 1.1፣ የቶዮታ ታኮማና ታንድራ ሃይብሪዶች 1.87 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ። የካምፒንግ ባትሪያችሁ ራሱ 1 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ከማቬሪኩ ባትሪ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ኃይሉ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ከቤንዚኑ ነው።

ምን ያህል ቤንዚን ይበላል ለሚል፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚጠቀምበት ስሌት 1 ጋሎን ቤንዚን 33.7 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል አለው። ከዚያ ሩብ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆኖ ይወጣል ብንል ከጋሎኑ 8 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። በየመቀየሪያው የሚባክነውን ጨምረን 1 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከ0.15 ጋሎን ብዙም አያልፍም። ቤንዚን በጋሎን 3 ዶላር ሲሆን ግማሽ ዶላር አካባቢ ነው። በቁልቁለት ደግሞ ትንሽ ምርቃት አለ። ረጅም ተራራ ስትወርዱ ትልቁ ባትሪ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ የሚያመነጨው ኃይል ማረፊያ ያጣል። ያኔ ሶኬቱ ላይ የተሰካ ባትሪ ካለ የተወሰነውን ይቀበለዋል።

ደረጃ 1፦ በቀን ስንት እንደምትጨርሱ አስሉ

እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዙት፤ የምታገኙት ዋት ሰዓት ይባላል።

በ12 ቮልት የሚሠራ የካምፒንግ ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ 45 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ነገር ግን ከቀኑ ውስጥ የሚሠራው ሲሶውን ወይም ግማሹን ነው። ክዳኑ ብዙ የማይከፈት ከሆነ በቀን 400 ዋት ሰዓት ያዙለት። አንድ 10 ዋት መብራት ለ5 ሰዓት 50 ይሆናል። አራት ስልክ 60 ያህል። የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን የሚጠቀም ሰው አብሯችሁ ካለ እርጥበት ሰጪው ተዘግቶ በሌሊት 280 አካባቢ ጨምሩ። ድምሩ ወደ 790 ይጠጋል። 1024 ዋት ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ስቴሽን (ባትሪውን፣ ቻርጀሩንና ሶኬቶቹን በአንድ ሳጥን የያዘው) ደግሞ በተግባር የሚሰጣችሁ 85 ከመቶውን ያህል፣ ማለትም 870 ነው። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እንጂ ሁለት ሌሊት አያደርስም። በነጋታው ወደ ፏፏቴው ወይም ወደ ከተማ ስትወርዱ በመንገድ ላይ መሞላት አለበት ማለት ነው።

አሁን የእኛን ሰው ጉዳይ እናንሳ። 1000 ዋት በሆነች የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ጥዳችሁ ግማሽ ሰዓት ብታፈሉ 500 ዋት ሰዓት ሄደ፤ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል። ሦስተኛው እስኪደርስ ከጠበቃችሁማ ሌሊቱን በጨለማ ነው የምታሳልፉት። ለቡና የጋዝ ምድጃ ያዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድን ከባትሪ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይሂድ። ልዩነት የሚኖረው መኪናችሁ ትልቁ ኢንቨርተር ያለው ኤፍ-150 ወይም ታኮማ ከሆነ ነው፤ ያኔ ምድጃዋን ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከመኪናው ሶኬት ሰክታችሁ ማፍላት ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ መኪናችሁ እየተነዳ ስንት እንደሚሰጥ አንብቡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄኛውን ያዙ። ሶኬት ላይ የተጻፈው ዋት አንዳንድ ጊዜ መኪናው ቆሞ የሚሰጠው ነው። እየሄደ የሚሰጠው ሊያንስ ይችላል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ሶኬቱ ላይ ላይኖር፣ መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሃይብሪድ ያልሆነውን የቀድሞውን ታኮማ ብታዩ ካሶኒው ላይ ያለው ሶኬት 400 ዋት ይላል፤ ማርሹ ከፓርክ ሲወጣ ግን 100 ዋት ብቻ ይሆናል። ቻርጀሩ ከዚያ በላይ ሲጠይቅ ኢንቨርተሩ ይቆርጣል፤ ነጂው ሳያውቅ 100 ማይል ነድቶ ሲደርስ ባትሪው እንደነበረ ያገኘዋል።

የሃይብሪዶቹ ነገር እንዲህ ነው። ኤፍ-150 ፓወርቡስት ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ፕሮ ፓወር ኦንቦርድ የሚባለውን ሥርዓት ይዞ ይመጣል፤ መነሻው 2.4 ኪሎዋት፣ ተጨማሪ ለከፈለ 7.2 ኪሎዋት ነው። ባለ 7.2ቱ ካሶኒው ውስጥ ባለ 20 አምፒር አራት የ120 ቮልት ሶኬቶችና አንድ ባለ 30 አምፒር የ240 ቮልት ሶኬት አለው። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲጠፋባት ፎርድ እዚያ ያሉ ሻጮቹን እነዚህን መኪኖች ለተቸገሩ ሰዎች እንዲያውሱ የጠየቀው በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። እየተነዳም ይሠራል። የ2024ቱ ታኮማ ሃይብሪድ በአንዳንድ ደረጃዎቹ 2400 ዋት ኢንቨርተር አለው። ማቬሪክና ታንድራ ላይ የሚገኘው ደግሞ 400 ዋቱ ነው፤ መጽሐፉን ገልጦ “እየተነዳ” የሚለውን መስመር መፈለግ የሚያስፈልገው በተለይ ለእነዚህ ነው።

መጽሐፉን ካገኛችሁ በኋላም በሰላሙ ቀን ሞክሩት። ባትሪውን ሰክታችሁ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ንዱ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በፓወር ስቴሽኑ ስክሪን ላይ የሚገባውን ዋት ይመልከት። ከፓርክ ወደ ድራይቭ ስትቀይሩ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ደረጃ 3፦ የባትሪው ቦታ

1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ፓወር ስቴሽን 12 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወደ ፊት የሚወረወር 12 ኪሎ ማንም አይፈልግም። ጋቢና ውስጥ ከሆነ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ማራገቢያው በልብስና በብርድ ልብስ አይሸፈን። ካሶኒ ላይ ከሆነ ማሰሪያ ቀለበቶቹ ላይ በሁለት ጠፍር ይታሰር። ጠፍሩ በሳጥኑ አካል ላይ ይለፍ፤ እጀታው ለመሸከሚያ ነው፣ ለማሰሪያ አይሆንም።

ከሁለቱ ጋቢናውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፣ ነገር ግን ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሞላት የለባቸውም። ጥሩዎቹ በብርድ መሙላቱን ራሳቸው ይዘጋሉ። ጥር ላይ ካሶኒ ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት ስትሰኩት 0 ዋት ቢያሳይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ በርዶታል። ሙቀት ያለበት ጋቢና ውስጥ አስገቡትና ጊዜ ስጡት። በሐምሌ ደግሞ ጥቁር የካሶኒ ክዳን ሥር ያለው አየር እንደ ምድጃ ይግላል፤ ብዙዎቹ ባትሪዎች ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጉ መሙላት ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ።

ደረጃ 4፦ በ120 ቮልቱ ሶኬት መሙላት

አሠራሩ ይህን ይመስላል።

መኪናውን አስነሱ፤ “ሬዲ” የሚለው ምልክት እስኪበራ ጠብቁ። ሞተሩ ላይሰማ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ምልክቱ ነው።

የፓወር ስቴሽኑን አፕ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና የመሙያውን ፍጥነት ከመሰካታችሁ በፊት ቀንሱ። ይህን የሚዘሉት ሰዎች ናቸው “ሶኬቱ አይሠራም” የሚሉት። ኢኮፍሎው ዴልታ 2 ከግድግዳ ሲሰካ እስከ 1200 ዋት፣ ብሉቲ ኤሲ180 እስከ 1440 ዋት መሳብ ይችላል። ለ400 ዋት ሶኬት ይህ ከአቅም በላይ ነው። ልኩ፣ እየተነዳ ከሚፈቀደው ቢያንስ አንድ አምስተኛ ዝቅ ያለው ነው፤ 400 ከተፈቀደ ከ300 እስከ 320። ሳጥናችሁ ዝቅተኛው ፍጥነቱ ራሱ ከሶኬቱ አቅም በላይ ከሆነ በዚህ መንገድ አይሆንም፤ ከታች ወዳለው ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር እለፉ። 2400 ዋት ያለው መኪና ላይ እንኳ 600 አካባቢ ላይ እተወዋለሁ። ሁለት ሰዓት መንገድ ካለ 600 በቂ ነው፤ ባትሪውም ሳይግል ይሞላል፣ ማራገቢያውም ጋቢናውን በጩኸት አይሞላውም።

የሶኬቱን ቁልፍ ተጫኑ። ኤፍ-150 ላይ በስክሪኑ የፕሮ ፓወር ገጽ ስንት ዋት እየወጣ እንደሆነ ታያላችሁ፤ ሌሎቹ ላይ ቁልፉ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ትበራለች። ከዚያ ገመዱን መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከመኪናው ሶኬት ጋር ሰኩ።

ባትሪው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሶኬቱ ካሶኒ ላይ ብቻ ከሆነ ኤክስቴንሽን ያስፈልጋል። ለውጭ የተሠራ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ቁጥር 14 ወይም 12 ሽቦ የሆነ አጭር ገመድ ግዙ። ሽቦው ላይ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። በጋቢናው የኋላ መስኮት ስታሳልፉት መስታወቱ እንዳይቆነጥጠው ተጠንቀቁ። ዝናብ ከሆነ ክዳን የሌለው ካሶኒ ላይ ምንም አትሰኩ። የኤፍ-150ው ካሶኒ ሶኬቶች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው፤ እርጥብ መጋጠሚያ ወዲያው ያስቆርጣቸዋል። ይህም ደግ ነው።

ሰዓቱን እናስላ። 1024 ዋት ሰዓት ባትሪ 20 ከመቶ ላይ ቢሆን የጎደለው 820 ነው። በ600 ዋት፣ የቻርጀሩን ብክነት ጨምሮ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶኛዎች ሁልጊዜ ያዘግማሉ። በ300 ዋት ሦስት ሰዓት። ፍሪጁ በዚያው ሰዓት ከባትሪው እየጠጣ ከሆነ እሱን ቀንሱ፤ ስክሪኑ ላይ ከሚገባው የሚወጣው ሲቀነስ የሚቀረው ነው እውነተኛው መሙያ።

አንድ ነገር ላስምርበት። ነዳጅ ለመቅዳት መኪናውን ስታጠፉ ሶኬቱም ይጠፋል። መኪናው ሲነሳ ሶኬቱ አብሮ የማይነሳበት፣ ቁልፉን እንደገና መጫን የሚጠይቅ መኪና አለ። ከማደያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ የባትሪውን ስክሪን ተመልከቱ፤ ዋት እየገባ ነው ወይስ ዜሮ ነው?

ስትደርሱ ቁልፉን አጥፉና ንቀሉ። ቆማችሁ መሙላቱን መቀጠል ብትፈልጉ መኪናው “ሬዲ” ላይ መቆየት አለበት፤ ትልቁ ባትሪ ሲወርድ ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይነሳል። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም ሰው የተኛበት ድንኳን አጠገብ ጭስ ማውጫው ዞሮ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ፓርኩ ውስጥም የሞተሩ ድምፅ ከጄኔሬተር ተለይቶ አይታይላችሁም።

የሲጋራ መለኮሻው ሶኬትስ?

ይሠራል፤ ይዘገያል። አብዛኛው ፓወር ስቴሽን ከዚህ ሶኬት የሚስበው 8 አምፒር ያህል፣ ማለትም 100 ዋት አካባቢ ነው። ያንኑ 820 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከ8 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ከዴንቨር ተነስቶ ዳላስ ለሚነዳ ይበቃዋል፤ ለሁለት ሰዓት መንገድ ግን ፍሪጁ የሚበላውን ከመተካት ብዙም አያልፍም። እኔ የምጠቀምበት ለፍሪጁ ራሱ ነው፤ ፍሪጁ መለኮሻው ላይ፣ ባትሪው ካሶኒው ሶኬት ላይ።

እዚህ ላይ ሃይብሪድ ያላቸው ሰዎች የሚዘናጉበት ነገር አለ። አንዳንድ መኪና ላይ ይህ ሶኬት ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል ይሰጣል። ፍሪጁን ሰክታችሁ ካደራችሁ የመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ያልቃል። “ሃይብሪድ ነው፣ ትልቅ ባትሪ አለው” ብላችሁ አትጽናኑ፤ ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያበራው ትንሹ 12 ቮልት ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው “ሬዲ” አይልም። መኪናው ሲቆም ፍሪጁን ወደ ፓወር ስቴሽኑ አዛውሩ።

ሽቦው የግድ ሲሆን፦ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር

ሦስት ዓይነት ሰው ይህን ይፈልጋል። ሶኬቱ ደካማ የሆነበት፤ ፓወር ስቴሽን ሳይሆን ራቁቱን 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ፣ ለምሳሌ 100 አምፒር ሰዓት የሆነውን፣ ሳጥን ውስጥ ሠርቶ የሚጠቀም፤ እና ተጎታች የሚጎትት።

“ለምን በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር አላገናኘውም?” የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ለመሙላት ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ይፈልጋል። የሃይብሪዱ መቀየሪያ ደግሞ ለራሱ ባትሪ የሚበቃውን ብቻ እየሰጠ 13 ቮልት ከምናምን ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወይ አይሞላም፤ ወይ ደግሞ ባዶ ሲሆን ያለ ልክ ይስብና ሽቦውን ያግላል፤ መኪናው ሲጠፋም ኃይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዲሲ-ዲሲ ቻርጀሩ መካከል ገብቶ ቮልቱን ያስተካክላል፣ አምፒሩን ይገድባል፣ መመለሻውን ይዘጋል። ቪክትሮን ኦሪዮን-ቲአር ስማርት 12/12-30፣ የሬኖጂና የሬዳርክ አቻዎቹ በብዛት የሚገኙት ናቸው። ባለ 30 አምፒሩ 360 ዋት ያህል ይሰጣል፤ 80 አምፒር ሰዓት የጎደለውን ባትሪ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። ፓወር ስቴሽን ያላቸውም ለሳጥናቸው ብቻ የተሠራውን መግዛት ይችላሉ፤ የኢኮፍሎው 800 ዋት፣ የብሉቲ ቻርጀር 1 ደግሞ 560 ዋት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመኪናው 12 ቮልት መቀየሪያ ያን ያህል ትርፍ እንዳለው አረጋግጡ። የድሮ ዲናሞ አቅም እያሰቡ 800 ዋት መጫን ትክክል አይደለም።

ገጠማውን በቅደም ተከተል እንየው። መኪናው ጠፍቶ ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ። ብርቱካናማ ገመድ ባያችሁበት ሁሉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እነዚያ የከፍተኛ ቮልት መስመሮች ናቸው፣ በእነሱ አጠገብ ሽቦ ማሳለፍም ሆነ ማሰር የለም። 12 ቮልቱ ባትሪ የግድ ኮፈኑ ሥር ላይሆን ይችላል፤ የት እንዳለ መጽሐፉ ይናገራል።

ፖዘቲቩን ከባትሪው ጫፍ ወይም አምራቹ ለተጨማሪ ዕቃ ካዘጋጀው ቦታ አውጡ። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። መሀል መንገድ ላይ የገባ ፊውዝ ከሱ በፊት ያለውን ሽቦ አይጠብቅም፤ ሽቦው ተፈግፍጎ ሻንሲውን ቢነካ የሚነደው ያ ክፍል ነው። የፊውዙ መጠን የቻርጀሩ መመሪያ የሚለው ነው፤ ለባለ 30 አምፒሩ ብዙውን ጊዜ 60 አምፒር ይባላል። ሌላኛው ጫፍ ላይም፣ ቻርጀሩና የካምፒንግ ባትሪው መካከል፣ ሁለተኛ ፊውዝ ይግባ። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው አምፒር ከመኪናው ባትሪ አያንስም።

ኔጋቲቩን በቀጥታ የባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ አትሰሩት። ብዙ መኪኖች፣ ፎርዶቹን ጨምሮ፣ እዚያ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጥር ትንሽ ዳሳሽ አላቸው። እሱን ዘላችሁ ካሰራችሁ መኪናው የባትሪውን ሁኔታ በትክክል አያውቅም። ቀለሙ የተፋቀና የጸዳ የሻንሲ ቡሎን ላይ እሰሩት።

የሽቦው ውፍረት ላይ መቆጠብ የለም። ከፊት እስከ ካሶኒው 6 ሜትር ቢሆን ሄዶ መልሱ 12 ሜትር ነው፤ ባለ 30 አምፒሩ ቻርጀር በመግቢያው በኩል 36 አምፒር ያህል ይስባል። በቁጥር 10 ሽቦ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። ቻርጀሩ የቀረችውን ቮልት አይቶ “መኪናው ጠፍቷል” ብሎ ሊዘጋ ይችላል፤ ቮልቱ ሲመለስ ይነሳል፣ ይዘጋል፣ ይነሳል። በቁጥር 6 የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት እምብዛም አይበልጥም፣ በቁጥር 4 0.35 ቮልት አካባቢ። እኔ ቁጥር 6ን ዝቅተኛው አድርጌ ነው የማየው። ሽቦው ከሻንሲው ጋር በሚሄድበት ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን፤ ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

የመጨረሻው ቀጭን ሽቦ “መኪናው ተነስቷል” የሚለውን ምልክት ለቻርጀሩ የምታደርሰው ናት። አንዳንድ ቻርጀር ይህን ከቮልቱ ራሱ እገምታለሁ ይላል። ሃይብሪድ ላይ ግን ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ግምቱ ይሳሳታል። ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ ላይ፣ ፊውዙ ቦታ ላይ በሚሰካ ማስተላለፊያ መስመር አውጡና አያይዟት።

ሲያልቅ በቴስተር ፈትኑ፤ ባትሪው ጎድሎ፣ ቻርጀሩ በሙሉ አቅሙ እየሠራ። በመኪናው ባትሪ ጫፍ ላይ 13.8፣ በቻርጀሩ መግቢያ ላይ 13.2 ብታነቡ ጥሩ ነው። መግቢያው ላይ 12.3 ካያችሁ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በጀርባ እጃችሁ ዳብሱ፤ የሚያቃጥለው የላላው ነው።

በዚህ ሥራ የማትተማመኑ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት፤ ግን ሃይብሪድ የሚያውቅ ይሁን። በቤንዚን መኪና የሠለጠነ እጅ ሁሉ ብርቱካናማውን ገመድ አያከብርም።

ተጎታች ለሚጎትቱ

ባለ 7 ቀዳዳው የተጎታች ሶኬት ላይ 12 ቮልት የምትሰጥ አንዲት መስመር አለች። ፊውዟ 30 አምፒር ሊሆን ይችላል፤ ሽቦዋ ግን ረጅምና ቀጭን ናት። እንዳለች ብትተዋት ለተጎታቹ ሊቲየም የምታደርሰው ጥቂት ነው። ተጎታቹ ውስጥ፣ ባትሪው አጠገብ፣ አነስ ያለ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር፣ ለምሳሌ ባለ 18 አምፒሩን፣ ብትገጥሙ ከዚህችው መስመር ወደ 200 ዋት ማውጣት ይቻላል። ባለ 30ውን እዚህ መስመር ላይ አታስቡት።

የተጎታቹን የመብራት ገመድ በቀጥታ ከኤፍ-150ው ካሶኒ ጋር አገናኝቶ የሚነዳ አለ። የተጎታቹ ቻርጀር እንደ ቤት መብራት ያየዋል፤ በፍጥነትም ይሞላል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ገመዱ በመታጠፊያ ላይ የሚበቃ ትርፍ ይኑረው፤ መሬት እንዳይጎተት፣ ሶኬቱንም እንዳይስብ ሁለት ቦታ ይታሰር። አየር ማቀዝቀዣውንና የውሃ ማሞቂያውን በብሬከራቸው አጥፉ፤ የሚፈለገው ቻርጀሩ ብቻ ነው። ሶኬቱ ወዲያው ከቆረጠ መጀመሪያ የምጠረጥረው የውሃ ማሞቂያውን ነው፤ ያረጀ የማሞቂያ ዘንግ ኤሌክትሪክ ያሾልካል።

የማይሞላ ከሆነ

ሲነሳ ሠርቶ ትንሽ ቆይቶ የሚቆርጥ ከሆነ ፍጥነቱን በአፑ ግማሽ አድርጉት። ቆሞ ሠርቶ ሲነዳ የሚቆርጥ ከሆነ ደረጃ 2 ላይ ያለው ነገር ነው። ዋት እየገባ መቶኛው ካልጨመረ የሚወጣውን ተመልከቱ፤ ሰው የረሳው የ120 ቮልት መውጫ ቁልፍ በርቶ ራሱ ኢንቨርተሩ እየበላ ይሆናል። 80 ወይም 85 ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ አፑ ውስጥ የመሙያ ጣሪያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ለዕድሜው ጥሩ ስለሆነ ብዙዎች ያስቀምጡታል፤ ለጉዞው ዋዜማ ወደ 100 አንሱት።

ከጉዞ ስትመለሱ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ አትሙሉት። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ 60 ከመቶ አካባቢ ላይ ጠፍቶ፣ ከጋራዡ ይልቅ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ተመልከቱት።